አሮጌ ካራ ያላችሁ ጠይቁ፤ ግራይንደሩን ግን አስቀምጡት

ደሴን ጉም ውጧታል፤ ዛሬ ከቤት መውጣት የለም። አቦሉ ቀርቧል። በረካ እስኪጠጣ ድረስ ስለ አሮጌ ካራ፣ ጩቤ፣ ሴንጢ ያላችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ግራይንደር አታስነኩት።

የሐይቁ ልጅ፦ ጋሼ፣ ከአባቴ ዕቃ ውስጥ አንድ ካራ አገኘሁ። ብረቱ 12 ሴንቲ ከምናምን ይሆናል፤ ጀርባው ላይ መጋዝ አለው። እጀታው ክብ ክብ ቆዳ ተደራርቦ የተሠራ ነው። አፎቱ ላይ ትንሽ ኪስ አለች፣ ውስጧ ድንጋይ። ዝገት ጨርሶታል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አቦ አንተ ልጅ! እንዳልከው ከሆነ ይሄ የአሜሪካ አውሮፕላን አብራሪዎች ቢላ ነው። ልኩ 5 ኢንች ነው፤ 12.7 ሴንቲ። መጋዙ ለእንጨት እንዳይመስልህ። አውሮፕላኑ ወድቆ ሰውየው ውስጥ ከቀረ፣ ስሱን አሉሚኒየም ቀዶ እንዲወጣበት ነው። የእጅ መከለያው ላይ ቀዳዳዎች ካሉ ደግሞ ከዱላ ጋር በገመድ አስረህ ጦር ልታደርገው ነው። ድንጋይዋ መሳያ ናት፤ እንዳትጥላት።

ብረቱ ካርቦን የበዛበት ነው። ይዝጋል፣ ግን ሲስሉት እሺ ይላል። ብረቱን ብቻ በንጹሕ የሞተር ዘይት አርሰህ አሳድረው። ዘይቱ ቆዳውን እንዳይነካው። ጠዋት በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቀስ እያልክ እሸው። ቀዩ ይለቃል። ጥቁሩን ተወው! እሱ የፋብሪካው ሽፋን ወይም በዕድሜ የመጣ ቆዳው ነው፤ ቀዩን ዝገት በመጠኑ ይከላከልለታል። “እንደ መስታወት ካላበራሁት” የምትሉ ሰዎች አትገቡኝም። እምቢ ያለ ቦታ ካለ አቼቶ የነካ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት ጠቅልልበት። ረስተኸው እንዳትተኛ፤ አቼቶ ደህናውንም ብረት ይበላል። ከዚያ ሶዳ በገባበት ውሃ እጠበው፣ አድርቀው፣ ዘይት ቀባው።

ከመርሳ፦ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ በግራይንደር 5 ደቂቃ ነው አለኝ። ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ? ፋብሪካው ብረቱን አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ መልሶ 200 ዲግሪ ገደማ አሙቆ ነው ጥንካሬውን ልክ ያስያዘው። ግራይንደር ስሱን ጠርዝ በሴኮንዶች ከዚያ በላይ ያግለዋል። ጭድ የመሰለ ቢጫ ካየህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰማያዊ ካየህ 300 አካባቢ ደርሷል፤ ጠርዙ ለስልሷል፣ ከእንግዲህ ስለት አይዝም። ውሃ ብትደፋበትም አይመለስም።

ባለ ሱቁ፦ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ ነጋዴ አይደለሁም።

የቧንቧ ውሃዋ፦ ይቅርታ ግን፣ “አፎት” ነው የሚባለው “ሰገባ”?

ከሚሴ፦ ሰገባ የጎራዴ ነው፤ የካራ አፎት ነው።

የቧንቧ ውሃዋ፦ አያቴ ለሁለቱም አፎት ነበር የምትለው።

የባቲው፦ ስሙን ተዉትና ሰኞ ገበያ ኑ፤ የአፋሩን ጊሌ ከነአፎቱ እዩት። ቆልመም ያለ፣ በሁለት በኩል ስል። የአሜሪካው ምኑ ነው!

ከሚሴ፦ ባቲ የምትሄደው ለጊሌው ነው ለፍየሉ?

መልስ፦ ቶናው ቀዘቀዘብኝ እኮ! ስሙን እንደፈለጋችሁ በሉት። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ካራውን ለረጅም ጊዜ በቆዳ አፎት ውስጥ አታሳድሩት። ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ሲለፋ የገባበትም ነገር ብረት ያዝጋል። በተለይ እንዲህ ጉም በሚበዛበት አገር። ካራው ዘይት ጠጥቶ በጨርቅ፣ አፎቱ ለብቻው። ጊሌውም ቢሆን።

የሐይቁ ልጅ፦ የእጀታው ቆዳ ደርቆ ይንቀሳቀሳል። ዘይት ላጠጣው? ወይስ አውጥቼ በወይራ ልቀይረው?

መልስ፦ ዘይት የለም! ይለሰልስና ይባስ ይላላል። የንብ ሰም በጨርቅ፣ ስስ አድርገህ፣ በእጅህ ሙቀት እሸው። ወይራ ጥሩ እንጨት ነው፤ ግን ቆዳው ካልበሰበሰ ለምን ትቀይረዋለህ? የአባትህ እጅ ነው ያለሰለሰው። ከበሰበሰ ወፍራም የበሬ ቆዳ በክብ ቆርጠህ ደራርበው። ስምህን ማስቀረጽ ካማረህ አፎቱ ላይ አስቀርጽ፤ ብረቱን ተወው።

ስም የለኝም፦ የኔ ካራ አሪፍ ነው?

መልስ፦ እኔ ነቢይ ነኝ?

ከወልድያ፦ ካራዬን ስስለው ግማሹ ይቆርጣል፣ ግማሹ አይቆርጥም። ማዕዘኑ ስንት ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! በየጎኑ 20 ዲግሪ ያዝ። መለኪያ ከሌለህ፣ የብረቱ ስፋት 2.5 ሴንቲ ከሆነ ጀርባውን ከድንጋዩ 8 ሚሊ ተኩል ያህል አንሳው። ያንን ከፍታ ከእጀታው እስከ ጫፉ አትልቀቅ፤ ያንተ ችግር እሱ ነው። በአንዱ ጎን በሌላው በኩል ፀጉር የመሰለች ሻካራ ነገር እስክትነካህ ሳል። አውራ ጣትህን ወደ ስለቱ ሳይሆን ከስለቱ ወደ ውጭ ነው የምታስኬደው። ከዚያ ገልብጠው። መጨረሻ ላይ በቀበቶ ቆዳ ላይ ወደ ኋላ፣ ማለት ወደ ጀርባው በኩል ብቻ እየጎተትክ ጨርሰው።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ግራይንደሩን ቀስ ብለን ብናስኬደውስ?

መልስ፦ በረካው ተጠጣ። ጓደኛህን መኪናውን ይሥራ በለው።