ልጅዎ በጎልፍ ሜዳ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለ ጉርሻው ይጠይቁ

እናታችን፣ የ15 ዓመት ልጅዎ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የጎልፍ ሜዳ የክረምት ሥራ እንዳገኘ ጽፈው «ይግባ ወይስ ይቅርበት?» ብለው ጠይቀዋል። ይግባ። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ ሳድግ የሠራሁት ይህንኑ ነው፤ ከተጫዋቾቹ ዓይን ርቆ፣ ከክለቡ ሕንፃ ጀርባ ባለው፣ ተጫዋቾች ሜዳው ውስጥ የሚጓዙባቸው ትንንሽ የጎልፍ መኪኖች በሚቀመጡበት መጋዘን ውስጥ። ሥራን ሥራ ብዬ የተማርኩት እዚያ ነው፤ የተበደልኩትም እዚያው ነው።

አንደኛ፣ ፈቃዱ። ሜሪላንድ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሠራተኛ ሁሉ የታዳጊ ሥራ ፈቃድ እንዲኖረው ትጠይቃለች። ብዙ ወላጆች ስሙን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ከኢሚግሬሽን ጋር ግን ምንም ግንኙነት የለውም። በኢንተርኔት ይሞላል፤ ልጁ፣ ወላጁና አሠሪው ይፈርሙበታል።

ሁለተኛ፣ መኪኖቹ። በፌዴራል ሕግ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ የጎልፍ መኪናም ሆነ የሞተር ሣር ማጨጃ ማንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። «ከመጋዘኑ እስከ በሩ ብቻ አምጣት» የሚል አለቃ አይጠፋም፤ ልጅዎ በትሕትና እምቢ ይበል። ማጠብ፣ መጥረግ፣ የመጫወቻ ዱላዎችን መወልወል፣ ኳስ በእጅ መልቀም ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት መጀመርም ስለማይችል፣ ጎህ ሳይቀድ ከሚገቡት የሣር ሠራተኞች ጋር አይመድቡት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መሥራት ይችላል። ትምህርት ሲከፈት ግን ወደ 3 እና ወደ 18 ሰዓት ይወርዳል።

ሦስተኛው ጉርሻ ነው፤ ይህን ረጋ ብለው ያንብቡልኝ።

እኔ 16 ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር የጎልፍ መኪና እነዳ ነበር። ተጫዋቹ ጨርሶ ሲመለስ እንቀበለዋለን፤ ዱላዎቹን በእርጥብ ፎጣ አንድ በአንድ እንወለውላለን፤ ቦርሳውን ወደ መኪናው እናደርስለታለን። እሱም ጥቂት ዶላር በእጃችን ያስቀምጣል። ከዚያ የጎልፍ መኪኖቹን አጥበን፣ ቆሻሻቸውን ለቅመን፣ በመስመር አሰልፈን ቻርጅ ላይ እንሰካቸዋለን። የባትሪ ውኃ የሚሞላው ቻርጁ ካለቀ በኋላ እንደሆነ፣ እሱም የተነጠረ (ዲስቲልድ) ውኃ ብቻ መሆን እንዳለበት ያወቅሁት ከእኔ በፊት ከነበሩት ትልልቅ ሠራተኞች ነው። እኔ በዘጋሁበት ምሽት ማግስት ባትሪው ያለቀ መኪና አይገኝም ነበር። ይህን ዛሬም በኩራት እናገራለሁ።

ጉርሻው ሁሉ ወደ አንድ ሣጥን ይገባል። ማታ የሚያከፋፍለው አለቃችን ነበር፤ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው። አንዲት ዱላ ወልውሎ አያውቅም! ትልልቆቹ ሠራተኞች ቤተሰብ ስላላቸው ዝም አሉ። እኔ ግን በየማታው ሣጥኑ ውስጥ ስንት እንደነበረና ለእያንዳንዳችን ስንት እንደደረሰን ደብተር ላይ እጽፍ ነበር። በፈረንጆች 2018 የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ አሠሪም ሆነ አለቃ ከሠራተኞች ጉርሻ እንዳይወስድ በግልጽ ይከለክላል።

እናቴ ከመኪና ማቆሚያ ሥራዋ ፈቃድ ወስዳ ከእኔ ጋር ወደ ክለቡ ቢሮ ሄደች። የተቀበለችን ሠራተኛ ወንበር እንኳ አላቀረበችላትም። እናቴ ስትጠይቃት መልሱን የምትሰጠው ለእኔ ነው፤ «ለእናትህ ንገራት፣ የጉርሻ ጉዳይ የቢሮ ጉዳይ አይደለም» አለችኝ። እናቴ በአገሯ መምህርት ነበረች፤ እንግሊዝኛውን ከእሷ እኩል ሰምታዋለች። ያ ንቀት ከገንዘቡ ይልቅ እስካሁን ያንገበግበኛል። እናቴ ግን ድምፅዋን ሳታሰማ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ቀኑንና ቁጥሩን በጣቷ እያመለከተች አነበበችላት። የሴትየዋ ፊት ወዲያው ተለወጠ።

እነሱ ግን ምንም አላደረጉም። ስለዚህ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ሚኒስቴር የደመወዝና የሥራ ሰዓት ክፍል አቤት አልን። አቤቱታ ማቅረብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአቤት ባዩ ስም በምሥጢር ይያዛል፤ የመኖሪያ ፈቃድም አይጠየቅም። ጊዜው ግን በአብዛኛው 2 ዓመት ነውና እንዳያልፍ። የተወሰደብን ተመለሰልን፤ ዝም ላሉትም ጭምር።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን፣ በጨዋነት፣ ጉርሻውን ማን እንደሚያከፋፍል ይጠይቁ። ደብተር ይግዙለት። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓትም ይጻፍ። የግዛቱ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 15 ዶላር ቢሆንም ከ18 ዓመት በታች ላለ ሠራተኛ 85 በመቶውን፣ ማለትም 12.75 ዶላር መክፈል እንደሚፈቀድ ይወቁ፤ በዚህ አይጣሉ። የገቢ ግብር ከተቆረጠበት ደግሞ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ግብሩን ያሳውቅ፤ የክረምት ደመወዝ ብቻ ያለው ልጅ የተቆረጠበት የፌዴራል የገቢ ግብር አብዛኛውን ጊዜ ይመለስለታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ልጅዎ ጎበዝ ተማሪ ከሆነ መጋዘን ከሚገባ ካዲ ይሁን፤ የተጫዋቹን ቦርሳ ተሸክሞ አብሮት የሚጓዝ ማለት ነው። የጎልፍ መኪና መንዳት አይጠበቅበትም። በፈረንጆች ከ1930 ጀምሮ ካዲ ለሆኑ ተማሪዎች የሚሰጥ ኢቫንስ ስኮላርስ የሚባል የነፃ ትምህርት ዕድል አለ፤ የዩኒቨርሲቲ ክፍያንና መኖሪያን ይሸፍናል። የሚመለከቱት የክፍል ውጤቱን፣ የቤተሰቡን አቅም፣ ጠባዩንና በካዲነት ያገለገለበትን ጊዜ ነው። አንድ ክረምት ስለማይበቃ በ15 ዓመቱ መጀመሩ ይጠቅመዋል። ካዲ የሚያሠሩት በአብዛኛው የግል ክለቦች ናቸው፤ በዚህ ሳምንት በአካባቢያችሁ ላሉት ደውሎ የካዲዎቹን ኃላፊ ያነጋግር።