መልስ፦ «በተማሪው ብዛት መሀል እጠፋ ይሆን?»

እህቴ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ክፍያ ቢስማማሽም በተማሪው ብዛት መሀል እንዳትጠፊ መስጋትሽ ከንቱ አይደለም። ክፍያው የሚቀንሰው መንግሥት በጀት ስለሚመድብለት ነው፤ በአንጻሩ የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቶች ብዙ ጊዜ በትልቅ አዳራሽ ይሰጣሉ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ከጎኔ ካለው ልጅ ደብተር ነበር የምገለብጠው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ግን 15 ብቻ ቀረን፤ ቤተ ሙከራውም እንደ ልባችን ሆነ።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲውን ስም ተይውና የምትፈልጊውን የትምህርት ክፍል መርምሪ። ከፍ ባሉት ዓመታት በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይቀመጣል? ከተፈቀደልሽ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተሽ ታዘቢ። በሰው ፊት እጅ ማውጣት ቢያስፈራሽ ግድ የለም (እኔም አልደፍርም ነበር)፤ የመምህሩን ቢሮ ማንኳኳት ጭምር የሚከብድሽ ከሆነ ግን አነስ ያለ ኮሌጅ ይሻልሻል ባይ ነኝ።