የስድስት ዓመቷ መንጋጋ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ የጎረቤቴ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ወደ ቤቴ መጣና፣ «ጋሼ፣ ይህችን መንጋጋ አስነቅዬ አንዴ ብገላገል አይሻልም?» ሲል ጠየቀኝ። ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁለት፤ ጥርሱ ከላይ ቢቦረቦርም አልተነቃነቀም፣ ድዱም አላበጠም፤ ስለዚህ ሊታከም የሚችል ጥርስ መሆኑን ነገርሁት። እርሱ ከሄደ በኋላ ግን «ብገላገል» ያላት ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። በጥርስ ሕክምና ባሳለፍኋቸው 34 ዓመታት ይህንኑ ቃል ሲነግሩኝ ስንት ጊዜ ጉጠት አንስቼ እሺ እንዳልሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ ከእነዚያ አንዱ ግን ዛሬም ይቆረቁረኛል።

ጊዜው 1987 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። ቅዳሜ ስለ ነበር ገበያተኛው ሁሉ ወደ ጎንደር ገበያ ሲወጣ መንገዱን ወደ እኛ እያዞረ የክሊኒኩን ደጅ አጨናንቆታል። ከአዘዞ ወዲያ ካለ ገጠር ሌሊት ተነሥተው በእግራቸው የመጡ እናትና ልጅ ተራቸው ደርሶ ገቡ። ልጅቱ ዘጠኝ ዓመት ይሆናታል፤ ፀጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ከታች በግራ በኩል ያለችው የመጀመሪያዋ ቋሚ መንጋጋ መሐሏ ተቦርቡሯል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ገና ወደ ነርቩ አልደረሰም ነበር። ተጠርጎ ቢሞላ ዕድሜ ልኳን የሚያገለግላት ጥርስ ነበር። መሙያውም በቁም ሣጥኑ ውስጥ ነበረ።

እናትየዋ፣ «ጌታዬ፣ ይንቀሉላትና ትገላገል፤ የወተት ጥርስ አይደል፣ ሌላ ይበቅላል» አሉኝ። አለመሆኑን አውቅ ነበር። ይህች መንጋጋ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከወተት ጥርሶቹ ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅ በዝምታ ስለምትወጣ ወላጅ ሁሉ የወተት ይመስለዋል። የወተት ጥርሶች 20 ናቸው፤ ከእነርሱ ኋላ የሚበቅለው ግን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነው። ይህን ለማስረዳት ዐሥር ደቂቃ፣ ለመሙላት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያስፈልገኝ ነበር፤ በውጭ የሚጠብቁት ከሃያ በላይ ነበሩ፤ እኔም ብቻዬን ነበርሁ። ማደንዘዣ ወጋኋትና ነቀልሁት። ልጅቱ አልጮኸችም። በጥጥ ነክሳ ስትነሣ፣ እናቷ ጉንጯን እየዳበሱ፣ «አይዞሽ፣ ለጥምቀት በቅሎልሽ ትስቂበታለሽ» አሏት፤ እርሷም ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ እጄን ታጠብሁ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገርሁም።

በ2001 ዓ.ም. አንዲት ወጣት መምህርት ለሕክምና መጣች። እኔ አላወቅኋትም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ «ዶክተር፣ ያኔ የነቀሉት ጥርሴ እስከ ዛሬ አልበቀለም» አለችኝ። አፏን ስትከፍት ያ ክፍት ቦታ ምን እንዳደረጋት አየሁ፤ ከኋላው የነበረው መንጋጋ ወደ ባዶው ቦታ ተጋድሟል፣ ከላይ ያለው ደግሞ ተቃራኒ ስላጣ ወደ ታች ወርዷል፣ በተጋደመው ሥር ምግብ እየተሸጎጠ የጎረቤቱን ጥርስ አበላሽቶታል፣ እርሷም ለብዙ ዓመታት በቀኝ በኩል ብቻ ስታኝክ ኖራለች። «እናቴ አላወቁም ነበር፤ እርስዎስ?» ስትለኝ ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ይህንንም ያህል ጊዜ አልፎ የምመልስላት ቃል አላገኘሁም።

እንግዲህ ጥርስ ማስነቀል መገላገል ነው የሚለውን ሐሳብ የምቃወመው ከዚህ የተነሣ ነው። የማይድን ጥርስ መነቀል እንዳለበት አውቃለሁ፤ እኔም በሺህ የሚቆጠር ነቅያለሁ፤ ግን ከመነቀሉ በፊት «ይህ ጥርስ ይሞላል ወይ? ሥሩስ ይታከማል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሐኪሙ የቸኮለ ቢመስላችሁም ጠይቁ።

ጠዋትና ማታ መቦረሽን አልነግራችሁም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሰምታችሁታል። ብዙዎቻችሁ የማታውን እንደምትተዉት ግን አውቃለሁ፤ የሚጎዳችሁም እርሱ ነው፤ ተኝተን ሳለ ምራቅ ይቀንሳልና ጥርስን የሚያጥብለት የለም። ጥርስ የሚቦረቦረው አባቶቻችን እንደሚሉት በትል ሳይሆን፣ በላዩ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር በልተው በሚያወጡት አሲድ ነው። ከብዛቱ ይልቅ መደጋገሙ ይጎዳል፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከምሳ ጋር የጠጣና ያንኑ ጠርሙስ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጎንጨት እያለ የቆየ ሰው እኩል አይጎዱም። የዛሬ ወጣቶች ጫት ይዘው ለሰዓታት ሲቀመጡ ከጎናቸው ስኳርና ለስላሳ አይጠፋም፤ ይህን ስል ወቀሳ አይደለም እላለሁ፤ ግን ወቀሳም ነው፤ ምክንያቱም በ22 ዓመታቸው የአምሳ ዓመት ሰው አፍ ይዘው ሲመጡ አይቼ አዝኛለሁ።

ጥርስ ለማንጣት ሎሚና ከሰል የሚፈትጉም በዝተዋል። የሎሚ አሲድ የጥርስን ገለባ፣ ማለት የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን፣ ያሟሟል፣ ከሰሉም ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ገለባ ደግሞ ዳግመኛ አይበቅልም። ነጭ ጥርስ ጤነኛ ጥርስ ማለት አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ወደ ጎንደር ለትምህርት የሚመጡ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ስለ ሆነ «አይቦርሽም» ተብለው ሲሸማቀቁ አይቻለሁ፤ ቡናማነቱ የመጣው ጥርሳቸው በሚሠራበት ዕድሜ ከጠጡት የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ብዛት ነው። ያው ፍሎራይድ በጥርስ ሳሙና ውስጥ በልኩ ሲሆን ግን ጥርስን ያጠነክራል፤ ስለዚህ ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉት እንጂ አፋችሁን በውኃ አትጉመጥመጡ።

እናቴ ድዷ የተነቀሰ ነበር፤ እንደ ዘመኗ ሴቶች ለውበትም ለጤናም ይሆናል ብላ ተነቀሰች። ስትስቅ ያ ጥቁር ድድ ከነጩ ጥርሷ ጋር እንዴት ያምር እንደ ነበር አልረሳም። በወይራ መፋቂያ ነበር የምትፍቀው፤ መፋቂያ ብሩሽን ይተካል ብዬ አልመክርም፤ ነገር ግን ብዙ ጥርሶቿን ይዛ ነው ያረፈችው። ንቅሳቱ ግን ድዷ ሲቀላ ደብቆባታል፤ እኔም የድድ በሽታዋን ያወቅሁት እንጀራዋ ላይ ደም ባየሁ ጊዜ ነው። ድድ ሲደማ አብዛኛው ሰው ብሩሹን ይሸሻል፤ ይህ ስሕተት ነው። የሚደማው ቆሻሻ ስለ ተከማቸበት ነውና በለስላሳ ብሩሽ ሳታቋርጡ አጽዱት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልተወ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ። የድድ በሽታ ሳያም ነው ጥርስ የያዘውን አጥንት የሚያሳጣው፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ።

አንድ ነገር ብቻ ለነገ አይባልም። የጥርስ ሕመም ተከትሎ ከመንጋጋ አጥንት ሥር ወይም ከምላስ ሥር ካበጠ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ እብጠቱ የመተንፈሻ መንገድን ሊዘጋ ይችላልና። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ አንቲባዮቲክ እብጠቱን ቢያስታግሰውም ምክንያቱ ጥርሱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። በጥርሱ ላይ የሚያዝ ቅርንፉድም ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያደነዝዛል፣ ይህን እኔም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ ግን አያድንም።

የጎረቤቴ ልጅ ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዟል። ጥርሱ እንዲሞላለት እንጂ እንዳይነቀል ለምታክመው ሐኪም ራሱ እንዲነግራት መክሬዋለሁ፤ ብቻዬን እፈራለሁ ስላለኝም አብሬው እሄዳለሁ።