4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነውን? ከፍኖተ ሰላም ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ

የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆንከው ወንድማችን፣ 4,294,967,297 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ብቸኛ ቁጥር መሆን አለመሆኑን ያለ ኮምፒዩተር ማወቅ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሃል። ይቻላል፤ ቁጥሩም ብቸኛ አይደለም። ለ641 ሲካፈል 6,700,417 ይደርሳል፣ ምንም አይተርፍም።

ይህ ቁጥር 2ን 32 ጊዜ አባዝቶ 1 በመጨመር የሚገኝ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዚሁ ሥርዓት 2ን 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ጊዜ አባዝቶ 1 በመጨመር ቀድመው የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ተከታዩም እንደዚያው እንደሚሆን አምኖ ነበር፤ ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግን እ.ኤ.አ. በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ።

ሞጣ ሳስተምር ይህንኑ ቁጥር ለተማሪዎቼ ሰጥቼ ነበር። ለ3፣ ለ7፣ ለ11 እያሉ በተራ ማካፈል ጀመሩ፤ በዚያ መንገድ 641 ላይ ለመድረስ 115 ብቸኛ ቁጥሮችን ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከማካፈልህ በፊት የቁጥሩን አሠራር ተመልከት። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሉካስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ ለ128 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። እንግዲህ የሚታሰቡት 129፣ 257፣ 385፣ 513 እና 641 እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም 129 እና 513 ለ3፣ 385 ደግሞ ለ5 ስለሚካፈሉ ይወድቃሉ። 257 ሲሞከር 2 ይተርፋል፤ ቀጣዩ ራሱ 641 ነው።

ስታካፍል ግን ዜሮዎቹን አደራ። ሰሌዳው ላይ የወጣች አንዲት ጎበዝ ተማሪ 4,294 ውስጥ 6 ጊዜ፣ ከዚያም 4,489 ውስጥ 7 ጊዜ ብላ 2 ቀራት፤ 6ን አውርዳ 26፣ 7ን አውርዳ 267 ስታገኝ ሁለቱም ለ641 ስላልበቁ ዜሮዎቹን ሳትጽፍ አለፈች። መጨረሻ ላይ 4,487 ልክ 7 ጊዜ ገብቶ ምንም ስላልተረፈ ሥራው ትክክል መሰላት፤ ድርሻዋ ግን 67,417 ሆኖ ነበር። መልሳ በ641 ስታባዛው 43,214,297 ብቻ መጣ፤ ስሕተቱን ያገኘችውም በዚሁ ማባዛት ነው።

ሳያካፍሉም ማረጋገጥ ይቻላል። በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው አበቅቴን (በዓላትን ለማውጣት የሚያገለግለውን ቁጥር) ሲያወጣ በ30 እየገደፈ ቀሪውን ብቻ እንደሚይዝ ያውቃል፤ እዚህም በ641 እየገደፍን ቀሪውን እንያዝ። 640 ከ641 በ1 ስለሚያንስ እንደ ኔጋቲቭ 1 ይቆጠራል፤ ስለዚህ 640 አራት ጊዜ ለራሱ ሲባዛ ቀሪው 1 ነው። 640 ደግሞ 5 ሲባዛ በ128፣ 128ም የ2 የ7 ጊዜ ብዜት ስለሆነ፣ ያ ብዜት 625 በ2 የ28 ጊዜ ብዜት ተባዝቶ ማለት ነው። 625 ከ641 በ16 ስለሚያንስ በቦታው ኔጋቲቭ 16ን ብንተካ፣ 16 የ2 የ4 ጊዜ ብዜት ነውና 2 በድምሩ 32 ጊዜ ተባዝቶ ምልክቱ ግን ኔጋቲቭ ይሆናል። ቀሪው 1 የሆነው ይህ ኔጋቲቭ ቁጥር ስለሆነ፣ የ2 የ32 ጊዜ ብዜት ቀሪው 640 ነው፤ 1 ሲጨመርበት 641 ይሞላል።

6,700,417 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ እርሱንም ለ128 ብታካፍለው 52,347 ደርሶ 1 ይተርፋል።