ጠቅላይ ሚኒስትሩ በገዛ ምርጫ ክልላቸው የተሸነፉበት ወንበር

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን፣ እህቴ ሲድኒ ነው የምትኖረው፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ቤኔሎንግ ስለሚባል ሰፈር ታወራኛለች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር እዛ ተሸንፏል ትላለች። አገር እየመራ እንዴት በሰፈሩ ይሸነፋል?

መልስ፦ እህትህ ልክ ናት ወንድሜ። አውስትራሊያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትሩም እንደማንኛውም የፓርላማ አባል ከአንድ የምርጫ ክልል መመረጥ አለበት። ቤኔሎንግ በሰሜን ምዕራብ ሲድኒ ያሉ የመኖሪያ ሰፈሮችን የያዘ የምርጫ ክልል ነው፣ የፓርላማ ወንበሩ በፈረንጆቹ 1949 ከተቋቋመ ጀምሮ ሊበራል ፓርቲ ብቻ ነበር የያዘው፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት የሊበራሉ ጆን ሃዋርድም ከ1974 ጀምሮ 33 ዓመት ተቀምጠውበታል። በ2007 ግን የቀድሞዋ ጋዜጠኛ ማክሲን ማኪው ለተቀናቃኙ ሌበር ፓርቲ ተወዳድራ አሸነፈቻቸው።

እኔን የሚገርመኝ ቆጠራው ነው፦ መራጩ አረንጓዴዋን የድምፅ መስጫ ወረቀት ይዞ አንድ ሰው ብቻ አይመርጥም፣ ሁሉንም ተወዳዳሪ 1፣ 2፣ 3 እያለ በቁጥር ይደረድራል። በአንደኛ ምርጫ ሃዋርድ በጥቂቱ ይመሩ ነበር፣ ግን ከግማሽ በላይ ያገኘ ስላልነበረ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት እየወጡ የግሪን ፓርቲ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ሲዛወር አብዛኛው ለማኪው ሆነና በቃ፣ ወንበሩ ሄደ። ሰፈሩም ራሱ ተቀይሮ ነበር እኮ፣ እዛው ያለው ኢስትዉድ የሚባል ሰፈር ብትሄድ የሱቁ ማስታወቂያ በቻይንኛና በኮሪያኛ ነው፣ የድሮው ቤኔሎንግ አይደለም።

ከዛ በ2010 የቴኒስ ተጫዋች የነበረው ጆን አሌክሳንደር ለሊበራል መለሰው፣ በ2022 ደግሞ ጀሮም ላክሳል ለሌበር ወሰደው፣ በ2025ም በድጋሚ አሸነፈ።