ዕጢው ከወጣ ክኒኑ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ኬሞም ጨረሰች። ታሞክሲፈን 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ ለአምስት ዓመት ውሰጂ ተብላለች። ግን ሙቀቱ ሊገድላት ነው፤ ሌሊት አንሶላው በላብ ይረጥባል። ጎረቤት ደግሞ «ክኒኑ ራሱ የማሕፀን ካንሰር ያመጣል» ስላላት፣ ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት። ዕጢው ወጥቷል፣ ደህና ነች፤ ታዲያ ለምን ትወስዳለች? ክትትሏ ሐረር ነው። የፓቶሎጂ ውጤቱን ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ከላኩልኝ ወረቀት ልጀምር። ከታች በኩል «ኢአር ፖዘቲቭ» የሚል መስመር አለ። ክኒኑ የታዘዘው በእሱ ምክንያት ነው። የእናትዎ ዕጢ ሴሎች የኤስትሮጅን ተቀባይ አላቸው ማለት ነው። ከአሥር የጡት ካንሰር ሰባቱ ገደማ እንዲህ ነው።

ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ሴሉ ውስጥ ገብቶ ይህን ተቀባይ ይይዛል። ሁለቱ ተያይዘው ዲኤንኤ ላይ ያርፉና ሴሉን «ተባዛ» የሚሉ ጂኖችን ያስነሳሉ። ወር አበባ ስለቆመ ሆርሞኑ አለቀ ማለት አይደለም፤ ከሰውነት ስብ ይመረታል። ታሞክሲፈን ቀድሞ ተቀባዩን ይይዝበታል። የባጃጅ ሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞተር የማያስነሳ ሰው ያስቡ። ሹፌሩ ቢመጣም መቀመጫ የለውም።

የዚህን ተቀባይ ታሪክ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ያገኘው ኤልውድ ጄንሰን የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ሳይንቲስቶች ሆርሞኑ የሚሠራው በኢንዛይም ተለውጦ ነው ይሉ ነበር። ጄንሰን ግን ቺካጎ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ኤስትሮጅን ሠርቶ ለትንንሽ ሴት አይጦች ወጋ። ሆርሞኑ ማሕፀን ላይ ሳይለወጥ ተጠራቅሞ ቆየ። የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው! ይህንን በ1958 ቪየና ላይ ሲያቀርብ ሊሰማው የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

ለእናትዎ የጠቀማቸው ግን ቀጥሎ የሠራው ነው። በፊት ሆርሞኑን ለመቀነስ የሴቶች የእንቁላል ማምረቻ ወይም አድሬናል (ከኩላሊት በላይ ያለ ሆርሞን አመንጪ አካል) በቀዶ ሕክምና ይወጣ ነበር። የሚጠቀሙት ከሦስቱ አንዷ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ ማን እንደሆነች ቀድሞ የሚያውቅ አልነበረም። ጄንሰን ዕጢው ተቀባይ እንዳለው የሚለይ ምርመራ አመጣ። ያቺ የወረቀቱ መስመር የመጣችው ከዚያ ነው። በ2004 ከፒየር ሻምቦንና ከሮናልድ ኢቫንስ ጋር ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ሽልማት ወሰደ።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ዕጢው ቢወጣም በአልትራሳውንድም በሲቲ ስካንም የማይታዩ ጥቂት ሴሎች ሊቀሩ ይችላሉ። ክኒኑ በዋናነት እንዳይባዙ ያግዳቸዋል፤ ወንበሩ ከተለቀቀ ግን ሆርሞኑ ይመለሳል። አምስቱን ዓመት የወሰዱ ሴቶች በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ትንሽ ነገር አይደለም።

ጎረቤትዎ አልዋሸችም። ማሕፀን ላይ ይኸው ክኒን እንደ ኤስትሮጅን የመሆን ጠባይ አለው፤ ስለዚህ ካረጡ በኋላ የማሕፀን ካንሰር ዕድልን በመጠኑ ይጨምራል። ለእናትዎ ግን ጥቅሙ በብዙ ይበልጣል። ጠብታ ደም እንኳ ከታየ ማሕፀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። አንድ እግር ካበጠ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል።

ሙቀቱስ? ድሬ ላይ ክኒን ሳይወሰድም አንሶላ ይረጥባል፤ ክኒን ሲጨመርበት አስቡት! ስስ የጥጥ ልብስ፣ ፋን፣ ማታ ማታ ትኩስ ቡናና በርበሬ መቀነስ ይረዳል። ካልበቃ የሚታዘዝ መድኃኒት አለ። ፍሉኦክሲቲንና ፓሮክሲቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች ግን የታሞክሲፈንን ጉልበት ያዳክማሉ፤ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመሩ። አልችልም ካሉም ላረጡ ሴቶች እንደ አናስትሮዞል ያሉ ሌሎች ክኒኖች አሉ። እነሱ አጥንት ያሳሳሉና ምርጫው የካንሰር ሐኪማቸው ነው።

የሦስት ሳምንቱ ክፍተት አያስደንግጣችሁ፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። ከላይ ያልኳቸው ምልክቶች (ደም፣ የእግር ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር) ከሌሉ ዛሬ ማታ አንድ ፍሬ ይዋጡ፤ ያለፈውን ለማካካስ ሁለት አይውሰዱ። ሐረር ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ፣ ለሐኪማቸው ደውሉ። ስትወጡም የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ። የባህል መድኃኒት ካለም አትደብቁ።