ሳቅና ልብ አንጠልጣይ ለሌሊት ተረኛ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ የምኖር ነርስ ነኝ። ሌሊት ተረኛ ስሆን ፋታ ካገኘሁ ልቦለድ አነባለሁ። የሚመቸኝ አስቂኝና ልብ አንጠልጣይ ነው። ጓደኞቼ ግን «ቁም ነገር አንብቢ» እያሉ ያሸማቅቁኛል። እርስዎ ሰሞኑን ከእነዚህ ምን አነበቡ? የወደዱትንም የሰለቸዎትንም ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ማንም አያሸማቅቅሽ። ሰው ማሳቅ ከባድ ሥራ ነው። አንባቢን እንቅልፍ መንሳትም እንዲሁ።

ከሰሞኑ ንባቤ ጨምድዶ የያዘኝ የፍሬድሪክ ፎርሳይዝ «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ደጎልን እንዲገድል ስለተቀጠረ ሰው ይተርካል። ደጎል ግን በ1970 ቤታቸው ሆነው ነው የሞቱት። አንባቢው ይህን እያወቀ ነው የሚጀምረው። ታዲያ ምኑ ልብ ይሰቅላል? ዝግጅቱ ነው። ሰውዬው በሕፃንነቱ የሞተ ልጅ ስም ከመቃብር ድንጋይ ላይ ያነባል። በዚያ ስም የልደት ወረቀት፣ ቀጥሎ ፓስፖርት ያወጣል። ከዚያ ጠመንጃውን ሊሞክር ጫካ ይገባል። ከገበያ የገዛውን ሜሎን የሰው ፊት እንዲመስል ቀለም ይቀባና በመረብ ከረጢት ዛፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። ተራ ጥይት እየተኮሰ ዒላማውን ያስተካክላል። በመጨረሻ የምትፈነዳዋን ጥይት ይለቃል። ሜሎኑ ድራሹ ይጠፋል። በዚያ ገጽ ላይ ደም የለም፣ የሚጮህም የለም። እኔ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ተነሣሁና ውሃ ጠጣሁ።

ያልተዋጠልኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ለወንዶቹ መጠቀሚያ ሆነው ይገቡና ይወጣሉ። እንደዚያ ያለ ጠንቃቃ ጸሐፊ ለእነሱ ትንሽ ቢያስብ ምን ነበረበት?

«ኦሮማይ»ንም ደግሜ አነበብኩት። ብዙ ሰው እንደ ልብ አንጠልጣይ አያየውም፤ የበዓሉ ግርማ ዕጣ ይጋርደዋል። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመና ታገደ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። ይህ የሚረሳ አይደለም። በዚህኛው ንባቤ ግን ዓይኔን የጣልኩት አስመራ ላይ ነበር። ማን ለማን እንደሚሠራ የማይታወቅበት ከተማ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አዲስ አበባ እጮኛ አለችው፤ አስመራ ላይ ደግሞ ፊያሜታ ልቡን ትወስደዋለች። ማንንም ማመን ስለማይቻል ፍቅራቸውን ራሱን በጥርጣሬ ነው የተከታተልኩት። እንዲህ ያለ ስጋት በአማርኛ የጻፈልን ስንት ሰው አለ? የስብሰባና የንግግር ገጾቹ ግን ይጎትታሉ። ጸጋዬ የሚዘግበው የደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሰዎች በወሬ እንደ ሰከሩ ለማሳየት እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ይረዝማሉ። ጦር ግንባሩ ናቅፋ ስትደርሺ ትካሻለሽ፤ እዚያ ትንፋሽ ያጥራል። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለወጣ አማርኛ ለማይችሉ ወዳጆችሽም ንገሪያቸው።

ወደ ሳቁ እንምጣ። የጀሮም ኬ. ጀሮም «ስሪ ሜን ኢን ኤ ቦት» እ.ኤ.አ. የ1889 መጽሐፍ ነው። ዛሬም ሆድ ያስይዛል። ሦስት ጓደኛሞችና አንድ ውሻ ቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ይሄዳሉ። አንድ ቀን የአናናስ ቆርቆሮ ያወጣሉ። መክፈቻ የለም። አንዱ በሰንጢ ሲሞክር ሰንጢው ይሰበርና እጁ ይቆረጣል። ሌላው መቀስ ይዞ ዓይኑን ለጥቂት ያተርፋል። በመጨረሻ በጀልባው ምሰሶ ይቀጠቅጡታል። ቆርቆሮው ይጣመማል፣ ይጨማደዳል፤ አይከፈትም። አንሥተው ወንዝ ውስጥ ይወረውሩታል። እዚህ ውስጥ ቀልድ የሚያወራ አንድም ሰው የለም። ሦስቱም አናናስ አምሯቸው የምራቸውን ነው የሚታገሉት። እኔን የሚያስቀኝ ይህ የምራቸው መሆኑ ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ያሰበው ስለ ወንዙና ስለ ዳርቻው ታሪክ የጉዞ መጽሐፍ ሊያዘጋጅ ነበር። የዚያ ሐሳብ ቅሪት አሁንም አለ፤ ስለ ነገሥታትና ስለ ጨረቃ ማውራት ሲጀምር ይሰለቻል። ዝለዪው።

ሁለቱንም በአንድ ላይ ከፈለግሽ የሪቻርድ ኦስማን «ዘ ተርስደይ መርደር ክለብ» አለ። እንግሊዝ አገር የጡረተኞች መኖሪያ ውስጥ አራት አረጋውያን በየሐሙሱ እየተሰበሰቡ ያልተፈታ ግድያ ይመረምራሉ። ጆይስ በማስታወሻ ደብተሯ የምትጽፈው ነፍስ ነው። ኬክም ሬሳም በአንድ አንቀጽ ይገባል፤ የእኛ እድር ላይ ያሉ እናቶች ሲያወሩ የሰማሁ መሰለኝ። ምርመራው ግን ክሩ በዛ። መጨረሻው አካባቢ ገዳዩ ማን እንደሆነ ማወቁ ብዙም አላጓጓኝም።

ለተረኝነትሽ የጀልባውን ያዢ። ወጉ አጭር አጭር ስለሆነ በሽተኛ ሲጠራሽ አስቀምጠሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ስትመለሺም ካቆምሽበት መቀጠል አይከብድም። ጃካልን ግን ለእረፍት ቀንሽ አቆዪው።